ጥብቅ የዱር ስፍራዎች በራቸውን ለማን፣ እስከ የት ይክፈቱ?

በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ «ሞርኒንግ ግሎሪ» የተባለ ፍል ውሃ አለ። ስሙን ያገኘው ከአንዲት ሰማያዊ አበባ ነው። ቀድሞ ውሃው እንደዚያች አበባ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ዛሬ ዳር ዳሩ ቢጫና ብርቱካናማ ሆኗል፤ ሰማያዊው ወደ መሀል ተሰብስቦ ወደ አረንጓዴ አዘንብሏል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎብኝዎች ለአሥርተ ዓመታት ሳንቲም፣ ድንጋይና እንጨት ሲወረውሩበት ኖረዋል። የተወረወረው ሁሉ ሙቁ ውሃ ከምድር ሥር የሚወጣበትን ቀዳዳ በከፊል ደፈነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ በፊት ከጠርዙ አልፈው መኖር ያልቻሉ ባክቴሪያዎች ወደ መሀል ገፉ። ቀለሙን የለወጡት እነርሱ ናቸው። በ1950 የፓርኩ ሰዎች የውሃውን ከፍታ ዝቅ አድርገው ፍል ውሃው እንዲገነፍል ሲያደርጉት ከሆዱ የወጣው ሳንቲም ብቻ አልነበረም፤ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ፎጣ፣ ካልሲ፣ ሸሚዝና ብዙ መሀረብ ተፋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወርዋሪዎቹ መካከል ፍል ውሃውን ለመጉዳት ቆርጦ የመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ሳንቲም የሚጥል ሰው ምኞት አለው፤ ቆሞ ያየው ነገር ልቡን ስለነካው ከራሱ የሆነ ነገር ትቶ መሄድ ይፈልጋል። የተከለለ መሬት ጥያቄ ከባድ የሚሆነውም በዚሁ ነው። አዳኙን፣ እንጨት ቆራጩን፣ ማዕድን ቆፋሪውን ማገድ በሕግ ደረጃ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ስም አለው። ከሩቅ አገር ገንዘቡን ከፍሎ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ተፈጥሮን ለማድነቅ የመጣን ሰው ግን ምን ብለህ ትመልሰዋለህ? መሬቱ እኮ የተከለለው ለእርሱም ጭምር ተብሎ ነው።

ይህ እውነት ከጅምሩ በሕጉ ውስጥ አለ። የሎውስቶን በ1872 ሲከለል ሕጉ ስፍራውን ለሕዝቡ ጥቅምና መደሰቻ የተለየ መሬት ብሎ ነበር የሰየመው። በ1916 የአሜሪካን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያቋቋመው ሕግ ደግሞ ሁለቱን ግዴታዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰራቸው፦ መልክዓ ምድሩንና የዱር ሕይወቱን ጠብቅ፤ ሕዝቡም እንዲደሰትበት አድርግ፤ ይህንም ስፍራው ለመጪው ትውልድ ሳይጎድል በሚቆይበት አኳኋን ፈጽም። ከዚያ ወዲህ ያለው የመቶ ዓመት ክርክር፣ የፍርድ ቤት ሙግት ጭምር፣ አብዛኛው ከዚህች ዓረፍተ ነገር የተቀዳ ነው። እኔ ሳነባት ሁለቱ ግዴታዎች እኩል ሚዛን ላይ የተቀመጡ አይመስለኝም። የመጨረሻው ሐረግ የበላይ ነው፤ መደሰት የሚፈቀደው ሳይጎድል እስከሚቆይ ድረስ ብቻ ነው። አገልግሎቱ ራሱም በውስጥ መመሪያው ሁለቱ ሲጋጩ ጥበቃው ያይላል ብሎ ጽፏል። ሆኖም መመሪያ ሌላ፣ በበዓል ቀን በር ላይ የተደረደረ የመኪና ሰልፍ ሌላ ነው።

ሰልፉም እየረዘመ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በ2024 ወደ 332 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉብኝት መዝግበዋል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ዙሪያ በየብስ ላይ ያሉ ጥብቅ ስፍራዎች በዓመት 8 ቢሊዮን ያህል ጊዜ እንደሚጎበኙ ገምቷል፤ በምድር ላይ ካለው የሰው ቁጥር ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ነው። ያው ጥናት ጎብኝዎቹ በየአገሩ የሚያወጡትን ገንዘብ 600 ቢሊዮን ዶላር ሲያደርሰው፣ ስፍራዎቹን ለመጠበቅ የሚወጣው ግን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች ነው ብሏል። ይህን ልዩነት አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ «ጎብኝ ሲበዛ ጥበቃው ይጠናከራል» የሚለው አባባል የሚፈተነው በእርሱ ነው። በዚህ ላይ መንግሥታት በዲሴምበር 2022 በሞንትሪያል ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ከምድር የብስና ከባሕር 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። የሚከለለው መሬት ሊሰፋ ነው ማለት ነው። «ማን ይግባ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይሰፋል።

የመግባት መብት ቀላል ነገር አይደለም

የተፈጥሮ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጎብኝን እንደ ጉዳት ብቻ ይቆጥረዋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በኤፕሪል 24 ቀን 1932 በእንግሊዝ አገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ኪንደር ስካውት ወደተባለው ከፍታ በእግራቸው ወጡ። አብዛኞቹ ከአካባቢው የኢንዱስትሪ ከተሞች የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ያ ከፍታ ባለቤቶቹ ወፍ የሚያድኑበት የግል መሬት ነበርና ጠባቂዎቹ ዱላ ይዘው ተቀበሏቸው። አምስት ሰዎች ታሰሩ። ይሁንና ነገሩ በዚያ አልቀረም፤ በ1949 የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ ወጣ፤ በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ፤ ኪንደር ስካውትም በውስጡ ነበር። በዚያ አገር የጥበቃውን ሕግ ያመጣው አንዱ ትልቅ ግፊት የመግባት ጥያቄ ነው። ስፍራውን ጨርሶ አይቶት የማያውቅ ሕዝብ ማዕድን አውጪ ኩባንያ ሲመጣ ማን ብሎ ይከራከርለታል?

ሁለተኛው ምስክር የተራራ ጎሪላ ነው። በ1981 በቪሩንጋ ተራሮች የተቆጠሩት 254 ብቻ ነበሩ። በ2019 መጨረሻ ይፋ በሆነው ቆጠራ በቪሩንጋና በኡጋንዳው ብዊንዲ ያሉት በድምሩ 1,063 ደርሰዋል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2018 ዝርያውን ከከፋው የአደጋ እርከን አንድ ደረጃ አውርዶታል። ለዚህ የበቃው በእንስሳት ሐኪሞች፣ በጠባቂዎች መስዋዕትነትና በዕለታዊ ክትትል ነው፤ የዚህን ሁሉ ወጪ በከፊል የሸፈነው ግን ጎብኝው ነው። ጎብኝው ግን እንደፈለገ አይገባም። በቀን አንድን የጎሪላ ቤተሰብ የሚያየው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ከስምንት ሰው አይበልጥም፤ የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው፤ ርቀቱን ይጠብቃል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመለሳል። ጎሪላ የሰው የመተንፈሻ በሽታ ይይዘዋል፤ እኛን ለሦስት ቀን የሚያስነጥሰን በሽታ እርሱን ሊገድለው ይችላል። እዚህ ላይ በሩ ክፍት ነው፤ ደግሞም በጣም ጠባብ ነው። ያዳነው ክፍትነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠባብነቱ ባላስፈለገ።

እግር በትክክል የሚያደርገው

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። ብዙ ሰው ጉዳት ከጎብኝ ቁጥር ጋር እኩል እየጨመረ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ሰው በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱም በእጥፍ። በዱር ስፍራ የሰው እንቅስቃሴ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው። በአፈርና በዕፅዋት ላይ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ እግሮች ናቸው። ማንም ባልረገጠው መስክና ጥቂት ሰው በረገጠው መስክ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ ጥቂት ሰው በረገጠውና ብዙ ሰው በረገጠው መካከል ያለው ግን ጠባብ ነው። ሣሩ ከሞተ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፍ ሰው የሚረግጠው ቀድሞ የሞተውን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ነው። ጎብኝ ሲበዛ «በየቦታው እንበትናቸው» የሚለው ሐሳብ በጣም ደግ ይመስላል፤ በሕዝብ በተጨናነቀ ስፍራ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያባዛዋል። ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ መንገድ ሺህ ሰው ቢያልፍበት መሬቱ ይችለዋል፤ መቶ ሰው በየአቅጣጫው ቢሄድ ግን መቶ አዲስ ዱካ ይወጣል። እኔ በግሌ በዱር መካከል የተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ሳይ መጀመሪያ ቅር ይለኛል፤ የዱሩን መልክ የሰበረው ይመስለኛል። ሆኖም የሎውስቶን ላይ በፍል ውሃዎቹ ዙሪያ ያለው እንጨት ባይኖር ኖሮ ስሱ የመሬት ቅርፊት እስከ ዛሬ ተፈርክሶ፣ ሰዎችም ተቃጥለው ባለቁ ነበር።

ሁሉም መሬት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጠለቅ ብለን ማየት ያለብን እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በረሃዎች አሸዋውን የሸፈነ ጥቁር፣ ጎርበጥባጣ ቅርፊት አለ። ለማያውቀው ሰው የደረቀ ጭቃ ይመስላል። ነገር ግን ሕይወት ያለው ነው፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን፣ የድንጋይ ሽበትና ሌሎች ጥቃቅን ዕፅዋት እርስ በርስ ተጠላልፈው የሠሩት ድር ነው። አሸዋውን ነፋስ እንዳይወስደው ይይዘዋል፤ ውሃ ያቆያል፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለዕፅዋት ይመግባል። አንድ ሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ከመንገዱ አምስት እርምጃ ቢወጣ ቅርፊቱ ከጫማው ሥር ይደቃል። ያ የጫማ ቅርጽ እስኪሽር አሥርተ ዓመታት ይወስዳል፤ በደረቁ ቦታዎች ደግሞ ከዚያም በላይ። የረገጠው ሰው የኖረበት ዘመን አልቆ እግሩ የረገጠው ቦታ ላይድን ይችላል።

በኒውዚላንድ ያለው የካውሪ ዛፍ ነገር ደግሞ ይብሳል። ካውሪ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚኖር ግዙፍ ዛፍ ነው። አሁን እየገደለው ያለው በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ፈንገስ የሚመስል ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ ሥሩን ያበሰብስና ዛፉን ከላይ ወደታች ያደርቀዋል፤ እስከ ዛሬ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘለትም። ለማስተላለፍ የመርፌ ራስ የምታክል አፈር ትበቃለች። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚወስዷት ደግሞ አንድም የዱር አሳማ፣ አንድም የተጓዡ ጫማ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ጫካ ደጅ ጫማ የሚቦረሽበትና ፀረ ተሕዋስ የሚረጭበት ጣቢያ ቆሟል። ተጓዡ ጎንበስ ብሎ የሶሉን ጭቃ ይፍቃል፤ መድኃኒቱን ይረጫል፤ ከዚያ ይገባል፤ ሲወጣም ይደግማል። ብዙ ሰው ግን ሳይቦርሽ አለፈ። በ2017 መጨረሻ የዋይታኬሬ ተራሮች ባለርስት የሆነው የማኦሪ ጎሳ በባህሉ መሠረት ጫካውን ከሰው እግር አገደ፤ የኦክላንድ ከተማ ምክር ቤትም በ2018 የጫካውን አብዛኛ ክፍል ዘጋ። በቅድሚያ ያወጀው የመወሰን ሥልጣን የነበረው ምክር ቤቱ ሳይሆን መሬቱን በትውልድ የሚያውቀው ጎሳ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ ጭቃ የማይዙ ከፍ ያሉ መተላለፊያዎች እየተሠሩ መንገዶቹ አንድ በአንድ ተከፍተዋል።

እንስሳትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ2018 የታተመ ጥናት ከስድስት አህጉራት የተሰበሰቡ 76 ጥናቶችን አገናዝቦ 62 የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎችን ተመልክቷል። ሰው ባለበት አካባቢ እንስሳቱ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ሌሊት አዙረዋል። ጊዜውን ለቀንና ለሌሊት እኩል ያካፍል የነበረ እንስሳ ከእንቅስቃሴው 68 በመቶውን በሌሊት ማድረግ ጀምሯል ማለት ነው። የሚገርመው አዳኝም ይሁን በሰላም የሚያልፍ ተጓዥ፣ እንስሳው የሚሸሸው በተመሳሳይ መጠን መሆኑ ነው። «እኔ ምንም አልነካሁም» የሚለው ጎብኝ እውነቱን ነው፤ ድኩላዋ ግን ይህን አታውቅለትም።

የሚመለስና የማይመለስ

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምደርስበት አቋም ይህ ነው። «ስንት ሰው ይግባ?» ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት «ቢሳሳቱ ይመለሳል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ገደብ የሚጣልበትን ቦታና የገደቡን ጥብቀት አብሮ ይወስናል።

የታይላንዷ ማያ ቤይ የሚመለሰው ዓይነት ናት። በአንድ ታዋቂ ፊልም ከታየች በኋላ ትንሿ የባሕር ዳርቻ በቀን እስከ 5,000 ሰው ታስተናግድ ነበር፤ ጀልባዎች መልሕቃቸውን ኮራሉ ላይ ይጥሉ ነበር። አብዛኛው ኮራል ተጎዳ። በጁን 2018 ተዘጋች፤ እስከ 2022 መግቢያ ድረስ ሰው አልገባባትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነው የኮራል ሻርኮች ተመልሰው ጥልቀት በሌለው ውሃ መዋኘት ጀመሩ፤ ኮራልም እንደገና ተተከለ። ስትከፈት ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤዋ እንዳይገባ፣ ጎብኝም ከጀርባ በኩል በእግሩ እንዲመጣ ተደረገ፤ የሰው ቁጥርም ተገደበ። በየዓመቱም ለጥቂት ወራት ትዘጋለች። ይህ ዓይነቱ ስፍራ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ማረም የሚፈቀድበት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ በሩን ሰፋ አድርጎ መጀመርንና ምልክቱን እያዩ ማጥበብን አልቃወምም።

በካውሪ ጫካ፣ በበረሃው ቅርፊት፣ አንድ የወፍ ዝርያ ሌላ የትም ሳይሆን በእርሱ ብቻ በሚፈለፍልበት ደሴት ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እዚያ መጀመር ያለበት ከተዘጋ በር ነው፤ እንዲከፈት የሚፈልገው ወገን ጉዳት እንደማይደርስ ያስረዳ። የማስረዳቱን ሸክም በተገላቢጦሽ ጠባቂው ላይ የጣልን እንደሆነ፣ ማስረጃው የሚሟላው ስፍራው ከጠፋ በኋላ ይሆናል።

«የሚመለሰውንና የማይመለሰውን አስቀድሞ ማን ያውቃል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ነው። መልሴ ባልታወቀበት ቦታ ቋሚ የሆነ ነገር አትሥራ የሚል ነው። ሰው በእግሩ ይግባ፤ ድንኳኑን ተክሎ ይንቀል። መንገድና ሆቴል ግን አንዴ ከገቡ አይወጡም።

መንገድ ስል እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በመግቢያ ኮታ ላይ ለዓመታት የሚከራከሩ አገሮች መንገዱ በሚቀየስበት ዕለት ዝም ይላሉ፤ ትልቁ ውሳኔ ግን ያኔ ነው የሚወሰነው። መንገድ ከተሠራ ማቆሚያ ይከተላል፤ ማቆሚያ ሲሞላ ማስፋፊያ ይጠየቃል። በአሜሪካ በ1964 የወጣው የዱር መሬት ሕግ ይህን ተረድቶ ነው ቋሚ መንገድና ሞተር ያለው ተሽከርካሪን የከለከለው፤ ሰው በዚያ መሬት እንግዳ ሆኖ ይመጣል፣ አይሰነብትም ይላል። በአላስካው ዴናሊ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 148 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በበጋ የግል መኪና የሚፈቀድለት እስከ 24ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ፣ በብስክሌት ወይም በእግር ነው። በዩታ ያለው የዛዮን ፓርክ ከ2000 ጀምሮ ጎብኝ በሚበዛባቸው ወራት ወደ ሸለቆው የሚወስደውን መንገድ ለግል መኪና ዘግቶ በነጻ አውቶቡስ ማስገባት ጀመረ። ሰው አልተከለከለም፤ የተከለከለው መኪና ነው። በየክርክሩ እነዚህን ሁለቱን እያምታታን «ሕዝቡ ተከለከለ» ስንል እሰማለሁና ነው ይህን የምለው።

እዚህ ላይ በእግሩ መሄድ የማይችለው ሰው ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። አሜሪካ በ1990 ባወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የዱር መሬት ሕጉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስን ሰው እንደማያግድ በግልጽ አስፍራለች። ወንበሩ የሰውየው እግር ነው እንጂ ተሽከርካሪ አይደለም ማለት ነው። ይሁንና ለወንበሩ ሲባል መንገድ ለመሥራት አያስገድድም። የአካል ጉዳተኞችን ስም ጠርቶ አስፋልት የሚጠይቅ ባለሀብት ሲገጥመን የምንጠይቀው በዚህ ልዩነት ነው።

በሩ ሲጠብ ውጭ የሚቀረው ማን ነው?

ስለ ጥበቃ ሲወራ በጣም የምቆረቆርበት ይህ ነው። በሩ ሲጠብ መጀመሪያ ውጭ የሚቀረው ጉልበት የሌለው ነው። የሎውስቶን ሲከለል በውስጡ ቱኩዲካ የተባሉ የሾሾኒ ሕዝብ ወገኖች ይኖሩ ነበር፤ ሰው የሌለበት ዱር ነው እየተባለ ሲነገር እነርሱ እንዲወጡ ተደረገ። ብዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ከጫካው ጋር ለትውልዶች የኖሩት ባትዋዎች ተፈናቀሉ። ጎሪላው መዳኑን ከላይ በደስታ ጽፌያለሁ፤ ከፊሉ ዋጋ ግን በእነርሱ ትከሻ ላይ መውደቁን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ጫካው ውስጥ ማር ይቆርጥ የነበረ ሰው በቅጽበት ሕገ ወጥ ሲሆን፣ ካሜራ የያዘ እንግዳ ሕጋዊ ከሆነ፣ ያ ጥበቃ ብቻ አይደለም፤ የባለቤትነት ዝውውር ነው። በአውስትራሊያ ኡሉሩ በተባለው ግዙፍ ዓለት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። አውስትራሊያ በ1985 ዓለቱን ለአናንጉ ሕዝብ መለሰች፤ እነርሱም ቅዱስ ስፍራቸው እንዳይወጣበት ለዓመታት ሲለምኑ ኖረው በኦክቶበር 2019 መውጣት ጨርሶ ተከለከለ። ጎብኝው ዛሬም ይመጣል፤ ዙሪያውን ይሄዳል።

ቀሪው ጥያቄ ቦታው ሲያንስ ማን ይቅደም የሚለው ነው። አንዱ መንገድ ዋጋ መስቀል ነው። ሩዋንዳ በ2017 የጎሪላ ፈቃዱን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር አሳደገች፤ በዚያው ጊዜ ከፓርኮች ገቢ ለአጎራባች ነዋሪዎች የሚመለሰውን ከ5 ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገች። ገንዘቡ ወደ ጎረቤቱ እስከተመለሰ ድረስ ይህን እረዳለሁ። እንደ አጠቃላይ ደንብ ግን የሚያስፈራ ነው፤ የሕዝብ መሬት በጨረታ ሲከፋፈል ዱሩ የሀብታም ግቢ ይሆናል፤ ወደ 1932ቱ ዱላ መመለስ ነው።

ሌላው መንገድ ዕጣ ነው። በአሜሪካው የዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ሐፍ ዶም ወደተባለው ዓለት ጫፍ በገመድ የሚወጡት በቀን ከ300 አይበልጡም፤ የሚመረጡት በዕጣ ነው። በአሪዞናና ዩታ ወሰን ላይ ያለችውና «ዘ ዌቭ» የምትባለው ሞገድ መሰል የአሸዋ ድንጋይ ለዓመታት በቀን 20 ሰው ብቻ ነበር የሚገባባት፤ በ2021 ወደ 64 ከፍ ብሏል። ዕጣ ሀብታምና ድሃ አይለይም። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ከወራት በፊት ማቀድ የሚችል፣ ኢንተርኔት ያለው፣ ከሥራው ፈቃድ የሚያገኝ ሰው ብልጫ አለው። ስለዚህ ከዕጣው የተወሰነው ለዚያው ሰሞን ለሚመጣ ሰው ቢቀመጥ ይሻላል እላለሁ፤ አንዳንዶቹም ያደርጉታል።

የቁጥር ገደብ ራሱ ከየት ይምጣ? ድሮ ባለሙያዎች የግጦሽ መሬት ስንት ከብት ይችላል እንደሚባለው፣ ፓርክም የሚችለው የሰው ቁጥር አለ ብለው ሲፈልጉ ኖረዋል። አልተገኘም፤ ምክንያቱም ስምንት ጯሂ ሰዎች ከሰማንያ ጸጥተኞች በላይ ይጎዳሉ። በ1985 የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገለበጡት፦ ስንት ሰው ይበቃል ሳይሆን፣ ምን ያህል ለውጥ እንቀበላለን? ባዶ የሆነው የድንኳን ቦታ ስፋት፣ በመንገዱ ላይ በቀን የሚያጋጥመው የሰው ብዛት፣ የወፍ ጎጆዎች ቁጥር ይመረጥና በየጊዜው ይለካል፤ ልኩ ሲታለፍ እርምጃ ይወሰዳል። መጀመሪያ የተሞከረው በሞንታና ባለው ቦብ ማርሻል የዱር መሬት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን የሚለካ ሰው ይፈልጋል፤ ለሚለካው ሰው ደግሞ ደመወዝ። 600 ቢሊዮኑና 10 ቢሊዮኑ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። የሚለካ ሠራተኛ የሌለው ፓርክ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ መዝጋት፣ ወይ ዓይኑን መጨፈን።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጨርሶ ለእኛ ባይሆን ምን አለ? የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ፓርክ ከ1914 ጀምሮ ከተከለለው መሬት ውስጥ የሰውን እግር የሚያውቀው ምልክት በተደረገባቸው መንገዶች ላይ ብቻ ነው። ከመንገዱ መውጣት አይቻልም፤ ውሻ በማሰሪያም ቢሆን አይገባም፤ አበባ አይቀጠፍም፤ የወደቀ ዛፍ አይነሣም፤ በክረምቱ በረዶ ወራት ፓርኩ ለሰው ዝግ ነው። ሰዎች ይህን ጭካኔ ይሉታል። እኔ ግን ማንም ሳይነካው ተራራ በራሱ ምን እንደሚሆን የሚታይበት አንድ ሸለቆ በምድር ላይ መኖሩ፣ እኔ ባልገባበትም፣ ደስ ይለኛል።

ወደ ዮሴሚቲ ልመለስና ላብቃ። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መርዝ የእንቁላሏን ቅርፊት እያሳሳ ልጆቿን የፈጃት ፔሪግሪን የተባለችው ጭልፊት ከዚያ ሸለቆ ለ36 ዓመታት ጠፍታ ነበር። በ1978 ኤል ካፒታን በተባለው ግዙፍ ዓለት ላይ ጎጆ ሠርታ ያዩአት ዓለት ወጪዎች ናቸው፤ ከእነርሱ በቀር ማንም በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነበረች። በኋላም ባለሙያዎቹን እየረዱ በገመድ ወደ ጎጆዎቹ ወጥተዋል፤ ሊሰበር የደረሰውን ስስ እንቁላል አውርደው በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን በቦታው አኑረዋል። አሁን በየዓመቱ ከማርች መጀመሪያ እስከ ጁላይ አጋማሽ ጭልፊት የምትፈለፍልባቸው ዓለቶች ለወጪዎች ይዘጋሉ። ባለሙያዎች ከሥር ሆነው በመነጽር ይከታተላሉ፤ ጎጆ ያልተገኘበት ዓለት ከቀኑ በፊት ይከፈታል፤ ጎጆ ያለበት ደግሞ ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ይጠበቃል። በዚያን ዕለት ማስታወቂያው ከዓለቱ ሥር ይነሣል፤ ገመዶቹም ይዘረጋሉ።